ናቹራል ወይስ ሶሻል? ልጃችሁ ሲመርጥ እናንተ የት ድረስ ትገባላችሁ?

ልጃችሁ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ከሆነ ይህን አሁን አንብቡት። ነሐሴ ላይ የምዝገባ ሰልፍ ውስጥ ቆማችሁ ብታነቡት ብዙም አይጠቅማችሁም። ትምህርት ቤት ውስጥ ስለምሠራ የ11ኛ ክፍል ምዝገባ ምን እንደሚመስል በደንብ አውቀዋለሁ። አባት ፎርሙን ይዟል፣ እናት ስልክ ላይ ናት፣ ልጁ ግድግዳ ተደግፎ ጫማውን ያያል። "ናቹራል በሉልኝ" ይላል አባት። ልጁን የጠየቀው የለም።

ወላጅ አይግባበት ልላችሁ አይደለም። መግባታችሁ አይቀርም። የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ የምትጨነቁት እናንተ ናችሁ፣ ዝም ብትሉ እንኳ ልጁ ፊታችሁን ያነባል። ቁም ነገሩ ጉልበታችሁን ምን ላይ እንደምታውሉት ነው። የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ወላጅ መረጃ ያምጣ፣ ልጁ ይምረጥ። ወላጅ "አይሆንም" ማለት ያለበት ልጁ ምክንያት የሌለው ምርጫ ሲመርጥ ብቻ ነው። እንዴት የሚለውን በቅደም ተከተል እንየው።

1. በራሳችሁ ጊዜ ሕግ አትምከሩ

ብዙ ወላጅ የሚመክረው እሱ የተማረበትን ሥርዓት በአእምሮው ይዞ ነው። ያኔ 10ኛ ክፍል ላይ አገር አቀፍ ፈተና ነበር። መሰናዶ የሚያስገባውም ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚልከውም የዚያ ፈተና ውጤት ነበር። ያ ፈተና ከ2012 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን ልጁ 8ኛ ላይ ሚኒስትሪ ይፈተናል፣ ከዚያ እስከ 12ኛ መጨረሻ ድረስ ከትምህርት ቤቱ ውጭ ሆኖ የሚመዝነው የለም። ስለዚህ ናቹራል ወይስ ሶሻል የሚለው ውሳኔ በቤትና በትምህርት ቤት መሃል ወድቋል፣ ብዙ ጊዜም የሚወሰነው በአንድ ሳምንት ጭቅጭቅ ነው።

ማትሪክ ላይ፣ ማለትም በ12ኛው አገር አቀፍ ፈተና፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቱድ ለሁለቱም ወገን አሉ። ናቹራሉ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጨምራል። ሶሻሉ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። የሒሳብ ፈተናው ለሁለቱ የተለያየ ነው፣ ግን ሁለቱም ይፈተናሉ። "ሒሳብ ስለምጠላ ሶሻል እገባለሁ" የሚል ልጅ ካላችሁ ይህን ዛሬውኑ ንገሩት። ከሒሳብ አያመልጥም። ቀጥሎ አካውንቲንግ ወይም ኢኮኖሚክስ ቢማርም እዚያው ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። በ2014 ከተፈታኞች ያለፉት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። በተሻለው ዓመት እንኳ ከመቶ ተፈታኝ ያለፈው ዘጠኝ አይሞላም። ከ50 በታች ካመጡት የተወሰኑት በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ሌላ ዕድል ያገኛሉ፣ የቀሩት ግን ሌላ መንገድ መፈለግ አለባቸው። ስለ ስትሪም፣ ማለትም ናቹራል ወይስ ሶሻል ስለሚለው፣ ስትነጋገሩ ይህ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ልጁን ለማስፈራራት አይደለም። "ዶክተር ይሁን ወይስ ጠበቃ" ከሚለው በፊት "የት ቢገባ 50ን ይሻገራል" የሚለው ስለሚቀድም ነው።

2. "ናቹራል በር አይዘጋም" የሚለውን መርምሩት

ይህ የወላጆች ትልቁ መከራከሪያ ነው፣ ግማሹም እውነት ነው። ናቹራል የተማረ ልጅ በኋላ ወደ ሶሻል መስኮች የሚሻገርበት አጋጣሚ አለ። ሶሻል የተማረ ግን ሕክምና ወይም ኢንጂነሪንግ ልግባ ቢል አይሆንለትም። ይህን ልጁ በግልጽ ማወቅ አለበት፣ ደግሞ ማወቁን ራሱ በአፉ ሲናገር ስሙ። "ሶሻል ከገባሁ ሕክምና የለም፣ ገብቶኛል" ብሎ ከልቡ ካለ እናንተ ግዴታችሁን ተወጥታችኋል።

ክርክሩ የሚዘለው ሌላውን ግማሽ ነው። በሩ የሚከፈተው ላለፈ ብቻ ነው። ፊዚክስና ኬሚስትሪ ሲያስጨንቁት የሚያድር ልጅ "ለማንኛውም ክፍት ይሁን" ተብሎ ናቹራል ገብቶ 43 ቢያመጣ፣ ሬሜዲያል ካላዳነው በቀር ሁሉም በር ነው የተዘጋበት። ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ወስዶ 56 ሊያመጣ የሚችል ልጅ ከሆነ ደግሞ ዘግታችሁበታል ማለት ነው፣ አምርሬ የምናገረው ለዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከገባም በኋላ ወዲያው ሕክምና አይማርም፤ መጀመሪያ ፍሬሽማን አለ፣ ዲፓርትመንት የሚደለደለው በውጤትና በምርጫ ነው፣ ሕክምና የሚደርሳቸው ከላይ ከላይ ያሉት ናቸው። ናቹራል መግባትና ዶክተር መሆን በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው።

ተቃራኒውም አለ። ፊዚክስ የሚወድና የሚችል ልጅ ጓደኞቹ ሶሻል ስለገቡ፣ ወይም "ናቹራል ይከብዳል" የሚል ወሬ ስለሰማ ብቻ ሶሻል ልግባ ይላል። እዚህ ላይ ወላጅ ጠንከር ቢል ቅር አይለኝም።

"ሶሻል የሰነፍ ነው" የሚለው አነጋገር ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶው ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለሶሻል ይሁን ብሎ ነበር። ቦታው ናቹራል ጋ በዛ፣ ወላጁም ወደዚያ ነዳ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሐኪምና መሐንዲስ የቤተሰብ ኩራት ነበሩ። ግን ሥራውም ሕዝብ እንደሚያስበው አልቆየም። በ2017 ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከ ማቆም ደርሰዋል። ሕክምና አይማር እያልኩ አይደለም። "ዶክተር ከሆነ ኑሮው ተደላደለ" የሚለው ሒሳብ ግን እንደ ድሮው አይሠራም።

3. ፍርሃታችሁን ለይታችሁ ጻፉት

ይቺ አጭር ናት፣ ግን አትዝለሏት። ባልና ሚስት ለየብቻ ወረቀት ውሰዱና ልጄ ሶሻል (ወይም ናቹራል) ቢገባ የሚያስፈራኝ ምንድን ነው ብላችሁ ጻፉ። "ሥራ አያገኝም" ከሆነ ተጠንቶ መልስ የሚገኝለት ጥያቄ ነው። "እህቴ ምን ትለኛለች" ከሆነ የሰው አፍ ነው፣ ልጁ ሊሸከመው አይገባም። "እኔ ኢንጂነር መሆን ፈልጌ አልተሳካልኝም" ከሆነ ደግሞ… እሱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። ወረቀቶቹን ለልጁ አታሳዩ።

4. ካርዱን ሳይሆን ከካርዱ ኋላ ያለውን አንብቡ

አብዛኛው ወላጅ ካርድ ላይ የሚያየው አማካይና ደረጃ ነው። "4ኛ ወጥታለች!" ደረጃ ስለ ስትሪም የሚነግራችሁ ነገር የለም። ከ60 ተማሪ 4ኛ የወጣችው በአማርኛ፣ በዜግነትና በስፖርት ተደግፋ ሊሆን ይችላል፣ እነሱ ደግሞ ናቹራል ክፍል ውስጥ አያድኗትም።

እንዲህ አድርጉ። የ9ኛና የ10ኛ ካርዶችን አውጡ። የሰባቱን ትምህርቶች ብቻ ምረጡ፦ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ። ከዚያ የእያንዳንዱ ማርክ ከምን ከምን እንደተደመረ መምህሩን ጠይቁ። ለምሳሌ ካርዱ ላይ ፊዚክስ 72 ይላል እንበል። ሲፈታ የደብተርና የተሳትፎ 10 ከ10፣ አሳይመንትና የቡድን ሥራ 28 ከ30፣ ሚድ 12 ከ20፣ ፋይናል 22 ከ40 ሆነ። ድምሩ 72፣ ደህና ይመስላል። ልጁ ብቻውን ተቀምጦ የሠራውን ብቻ ስትወስዱ ግን 34 ከ60 ነው፣ 57 በመቶ አካባቢ። ያውም በራሱ መምህር በወጣ ፈተና። ማትሪክ ላይ ተሳትፎ የሚባል ማርክ የለም፣ የቡድን ሥራም የለም።

ይህን ለሰባቱም ሥሩ። ብዙ ጊዜ ውጤቱ ራሱ ይናገራል፣ ጭቅጭቁም ግማሹ እዚያው ያልቃል። ልጁን አስቀምጣችሁ አብራችሁ ደምሩ፣ ካልኩሌተሩን እሱ ይያዝ። እናንተ ደምራችሁ ብታመጡለት ክስ ይመስለዋል።

እንግሊዝኛው 50 የማይሞላ ከሆነ ግን ስለ ስትሪም መጨቃጨቁን ለጊዜው ተዉት። ጥያቄዎቹ ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ታሪክም ባዮሎጂም። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቱድ የትም ቢገባ ይከተሉታል። ለአስጠኚ የምታወጡት ገንዘብ ካለ መጀመሪያ እዚህ ላይ አውሉት።

5. አስቀምሱት

ልጅ የማያውቀውን መምረጥ አይችልም። 10ኛ ክፍል ፊዚክስ ወደድኩ ማለትም 11ኛውን መቻል ማለት አይደለም፣ ከበድ ይላል። ስለዚህ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ወይም ሐምሌ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያህል ለሙከራ መድቡ። የ11ኛ ክፍል መጻሕፍት በፒዲኤፍ በቀላሉ ይገኛሉ፣ ስልኩ ላይ ይጫንለት። የፊዚክስን የመጀመሪያ ምዕራፎችና የኢኮኖሚክስን የመጀመሪያ ምዕራፎች ያንብብ፣ ጥያቄዎቹን ይሥራ። መልስ ማግኘቱን ብቻ አትዩ። የትኛውን ሳይጠሩት ሄዶ እንደከፈተ፣ የትኛው ላይ "ነገ" እንዳለ፣ ያልገባውን ለማወቅ ዩቲዩብ ላይ የፈለገው የትኛውን እንደሆነ ልብ በሉ። ያ ከማርኩ ይበልጣል።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያለፈ ዓመት የማትሪክ ወረቀት አውርዱለት፣ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል። ቴሌቪዥን ይጥፋ፣ ታናናሾቹ ውጭ ይጫወቱ፣ ሰዓት ተይዞ ይፈተን። ያልተማረው እንደሚበዛ አስቀድማችሁ ንገሩት። ፈተናው ምን ዓይነት አስተሳሰብ እንደሚጠይቅ ማየቱ ይበቃል። ውጤቱን ለማንም አትንገሩ። ለአክስቱም ቢሆን።

6. ንግግሩ

ቦታና ሰዓት ምረጡ። ካርድ በተቀበላችሁበት ቀን አይሆንም። እንግዳ ፊትማ ጭራሽ። ታክሲ ውስጥ፣ ገበያ ስትሄዱ፣ ዕቃ እያጠባችሁ፣ ማለትም ዓይን ለዓይን ሳትፋጠጡ ስትሆኑ ልጆች ይናገራሉ። ፊት ለፊት አስቀምጦ "እስቲ ስለ ወደፊትህ እናውራ" ማለት ልጁን ዝም ማሰኛ ነው።

"ምን መሆን ትፈልጋለህ?" አትበሉ። የ16 ዓመት ልጅ እንዴት ያውቃል? ያወቀ ቢመስለውም ነገ ይለውጠዋል። ጠበብ አድርጋችሁ ጠይቁ። አንዲት እናት ከልጇ ጋር ሽንኩርት እየከተፈች እንዲህ ብትል በቂ ነው፦

"ከትምህርቶቹ የትኛው ነው ጭራሽ የማይሆንልሽ?"

"ኬሚስትሪ። እሱም ግን መምህሩ ነው እማዬ።"

"ምን አደረገ?"

"ሰሌዳ ሞልቶ ይወጣል። ስንጠይቀው 'ባለፈው ተናግሬያለሁ' ነው የሚለው።"

"ያለ እሱስ ብታጠኚው?"

"አንዱን ምዕራፍ ዩቲዩብ ላይ አይቼው ገብቶኛል። የሞሉን ነገር።"

ይህች ልጅ የጠላችው መምህሩን ነው። 11ኛ ላይ ሌላ መምህር ሊገጥማት ይችላል። እናትየዋ "ታዲያ ናቹራል ግቢያ!" ብላ ከዘለለች ግን ጨዋታው ፈረሰ። ሽንኩርቱን ትክተፍ። ሌላ ቀን ትቀጥላለች።

ከአፋችሁ የማይወጡ ነገሮችም አሉ። "የእገሌ ልጅ" አይባልም። "እኔ ስንት ለፍቼ" አይባልም። "ለአንተው ብዬ ነው" የሚለውም ልጁ ሰምቶ ሰምቶ የታከተው ነገር ነው። ናቹራል ከገባ ስልክ እገዛለታለሁ ማለትም ይቅርባችሁ። ስልኩ መስከረም ላይ ያረጃል፣ ፊዚክሱ ሁለት ዓመት ይቆያል።

ስለ ጓደኛ በቀጥታ ጠይቁ፦ "እነ እንትና የት ሊገቡ ነው?" መልሱን ከሰማችሁ በኋላ አትውቀሱት። እነሱ ናቹራል ቢገቡም ሴክሽን ሊለያያቸው እንደሚችል ብቻ አንሱለት፣ ብዙዎቹ ይህን አስበውት አያውቁም።

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ ራሳችሁን አዳምጡ። "ለሴት ልጅ ይከብዳል" የሚል ቃል ከቤታችሁ ውስጥ ከማን አፍ ነው የሚወጣው? ካርዷ ሌላ እያለ ይህ ቃል ብቻ ሶሻል የላካት ልጅ ትንሽ አይደለችም።

7. ትምህርት ቤቱን ፈትኑት

መምህር ጋ ሄዳችሁ "ጎበዝ ነው?" ካላችሁ "አዎ ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ቢያነብ" ትባላላችሁ። ሁሉም ወላጅ የሚባለው ይህንኑ ነው። የሒሳቡን መምህር ለብቻው አግኙትና "አዲስ ዓይነት ጥያቄ ሲገጥመው ምን ያደርጋል? ይሞክራል ወይስ ይተዋል?" በሉት። የፊዚክሱን መምህር "የእርስዎ ልጅ ቢሆን የት ያስገቡት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ይቺ ጥያቄ መምህርን ከፕሮቶኮል ታወጣዋለች። የክፍል ኃላፊው ደግሞ ልጁ ከማን ጋር እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚፈዝዝ ያውቃል።

ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ ወይም ወደ ዩኒት ሊደሩ። ባለፈው ዓመት ከናቹራል ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ? ከሶሻልስ? ለ11ኛ ክፍል ቋሚ የፊዚክስ መምህር አለ? ቤተ ሙከራው ይሠራል ወይስ በሩ ላይ ቁልፍ ነው ያለው? ሶሻል ሴክሽን ይከፈታል? አንዳንድ የግል ትምህርት ቤት የሶሻል ተማሪ ስለማይበዛለት አይከፍትም፣ ስለዚህ "ልጅዎ ለናቹራል ነው የሚሆነው" የሚለው ምክር ከልጁ ይልቅ ከክፍሉ ብዛት የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ ትምህርት ቤት መቀየርም አንድ አማራጭ ነው፣ ግን ሐምሌ ላይ እንጂ መስከረም ላይ አይታሰብም።

8. ሥራውን በዓይኑ ይየው

ዘመድ መሃል ነርስ አይጠፋም፣ አካውንታንት አይጠፋም፣ ሳይት ላይ የሚውል ኢንጂነር አይጠፋም። አንድ ከሰዓት ልጁን ላኩት። "ምን ያህል ይከፈልዎታል?" ብሎ መጠየቅ ነውር ቢሆንም "ተምሬ ስጨርስ ሥራ ለማግኘት ስንት ጊዜ ፈጀብህ?" ማለት ነውር አይደለም። ከምሩቅ ሁሉ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይሄ ነው። ከ2015 ጀምሮ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተናም ማለፍ እንደሚያስፈልግ ከእነሱ አፍ ቢሰማ ይሻላል፣ ከእናንተ ከሰማው ስብከት ይመስለዋል።

9. ከውጭ የሚከፍለው ዘመድ

ይሄ ብዙ ቤት ውስጥ አለ። የትምህርት ቤት ክፍያውን የምትልከው ቤይሩት ወይም ዱባይ ያለችው እናት ናት፣ ወይም አሜሪካ ያለው አጎት። እሁድ ማታ ይደወላል፣ "ናቹራል ነው አይደል የገባው?" ይባላል፣ እዚህ ያለው ሁሉ "አዎ አዎ" ይላል። ተለያይቶ የከረመ ወላጅ ልጁን በድሮ ፎቶው ነው የሚያውቀው፣ እውነቱን ለመናገር። እዚያ ያለችውን እናት ከጨዋታው አታውጧት፤ የተፈታውን ካርድ ፎቶ አንስታችሁ ላኩላት፣ ቅዳሜ የተፈተነውንም ልጁ ራሱ ይንገራት። ክፍያውን "ናቹራል ከገባ" ከሚል ሁኔታ ጋር የሚያያይዝ ዘመድ ካለ ግን ከልጁ ጋር ሳይሆን ከእናንተ ጋር ይጨርስ።

10. ካልተስማማችሁ

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ላትስማሙ ትችላላችሁ። ያኔ ልጁ ምክንያቱን በአንድ ገጽ ይጻፍ። ምን መረጠ፣ ለምን፣ ምን እንደሚያጣ፣ የከበደው ትምህርት ላይ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ። ገጹ ከተሞላ፣ ምክንያቱም የራሱ ከሆነ፣ ባትወዱትም እለፉት። ገጹ ባዶ ከሆነ ወይም "እንትናም እዚያ ነው" ብቻ ካለበት አይሆንም ማለት መብታችሁ ነው፣ ግን "አይሆንም" ስትሉ "የእኔን ውሰድ" ማለታችሁ አይደለም። ገጹን ደግሞ ይጻፈው።

ትምህርት ቤቱ ስትሪም መቀየር እስከ መቼ እንደሚፈቅድም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቀኑን ያወቀ ቤት ረጋ ብሎ ይወስናል። ካለፈ በኋላ ግን ጉዳዩ ተዘጋ። ኅዳር ላይ ሚድ ተበላሽቶ ሲመጣ "ብዬህ ነበር" የሚል ወላጅ ልጁን ለቀጣዩ ፈተና አያዘጋጀውም፣ ውጤት መደበቅ ብቻ ያስተምረዋል።

11. ምዝገባ ቀን

ፎርሙን ልጁ በራሱ እጅ ይሙላው። እናንተ ፈርሙ። ከመመለሱ በፊት ፎቶ አንሱት። እዚያው ቆማችሁ ደግሞ ስሙን ፊደል በፊደል አረጋግጡ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ የአባትና የአያት ስም ጭምር፣ ከ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬቱና ከልደት ማስረጃው ጋር እያስተያያችሁ። ማትሪክ ላይ ስም ተሳስቶ ማስተካከያ ፍለጋ የሚመላለስ ሰው በየዓመቱ አይጠፋም፣ እዚህ ላይ ግን የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።